በአነስተኛ ዋጋ የተገዛ ኤስኤስዲ የዕለት ተዕለት ብቃት እንዴት ይፈተሻል?

በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተካተቱት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ማመልከቻ የሚጽፉና የኦንላይን ቅጽ የሚሞሉ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ሰጪዎች አሉ። ኮምፒውተራቸው ላረጀባቸው፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ አነስተኛ ዋጋ ያለው ኤስኤስዲ ማስገባት አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት የቀለለ አማራጭ ነው። ይሁንና ርካሽ ኤስኤስዲዎች እኩል ብቃት የላቸውም፤ ልዩነታቸውም በማሸጊያው ላይ ከሰፈረው ቁጥር አይታወቅም።

«በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት» የሚለው አኃዝ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ የሚገኝ ፍጥነት ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት ወይም የባለጉዳይ ሰነድ ሲፈለግ ግን የሚነበቡት የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። የሚሽከረከር አካል ስለሌለው፣ ርካሹም ኤስኤስዲ ቢሆን በዚህ ረገድ ከሃርድ ዲስክ በእጅጉ ይልቃል።

ድክመቱ የሚገለጠው መረጃ ሲጻፍበት ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ምርቶች የሚመጣላቸውን መረጃ በቅድሚያ የሚቀበሉት ፈጥኖ በሚጽፍ ውስን ክፍል ነው። ያ ክፍል ሲሞላ ፍጥነቱ በድንገት ያሽቆለቁላል፤ በአንዳንዶቹ ከሃርድ ዲስክም በታች ይወርዳል። ስለሆነም በክሪስታልዲስክማርክ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ልኬት ዕቃውን ያሞግሰዋል እንጂ ሙሉ ጠባዩን አያሳይም። የተሻለው መንገድ ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት የሚሆኑ የቪዲዮ ፋይሎችን ባንድ ጊዜ ገልብጦ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ቅጂው ከዚያው ኤስኤስዲ አንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ሊሆን ይገባል፤ ከዘገምተኛ ፍላሽ ከተገለበጠ የተለካው የፍላሹ ፍጥነት ይሆናል። ዕቃው እየሞላ ሲሄድ ፈጣኑ ክፍል ስለሚጠብ፣ ሦስት አራተኛው ያህል ከተያዘ በኋላ ፍተሻውን መድገም ይጠቅማል።

240 ጊጋባይት የተባለው በዊንዶውስ 223 ገደማ ሆኖ ቢታይ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ሊያሳስብ የሚገባው የተገለበጠው ፋይል ተመልሶ አልከፈት ሲል ነው።

የመብራት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርካሽ ኤስኤስዲዎች በአብዛኛው ለድንገተኛ መቋረጥ የሚሆን መጠባበቂያ ኃይል ስለሌላቸው በመጻፍ ላይ ያለ ሰነድ ሊበላሽ ይችላል። ይህን ሆን ብሎ መሞከር አይመከርም፤ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ መጠቀም ይበጃል። ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ አስቀድሞ ድምፅ በማሰማት አያስጠነቅቅም። ስለዚህ የወጣው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ደህና ከሆነ የባለጉዳዮች ሰነድ ሁለተኛ ቅጂ ማስቀመጫ ይሁን እንጂ አይጣል።

ፍተሻው በተገዛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መካሄድ ይኖርበታል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ለዚህም ደረሰኙንና ማሸጊያውን መያዝ ያስፈልጋል።