ያልተሰጠ ፍርድ

ከኤል ሳልቫዶር ወደ ኒውዮርክ ሲበር የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ያለ አንድ መንገደኛ አቪያንካ አየር መንገድን ከሰሰ። አየር መንገዱ ክሱ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል ሲል ተቃወመ። የከሳሽ ጠበቆች በ2023 እ.ኤ.አ. በሰጡት የጽሑፍ መልስ ክርክራቸውን የሚደግፉ የቀድሞ ፍርዶችን ጠቀሱ። የተከሳሽ ጠበቆች ፍርዶቹን ቢፈልጉ አጧቸው። ስድስቱ በየትኛውም ፍርድ ቤት አልተሰጡም። የመዝገብ ቁጥር፣ የዳኛ ስምና ሐተታ አሟልቶ የፈጠራቸው ከከሳሽ ጠበቆች አንዱ የተጠቀመበት ቻትጂፒቲ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነበር።

ብዙዎች ማሽኑ ዋሸ ይላሉ። እኔ ቃሉ አይዋጥልኝም፤ ለመዋሸት እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ የሠለጠነው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እንዲገምት ነው። የፍርድ ሐተታ እንዴት እንደሚጀምር፣ ዳኛ እንዴት ወደ ውሳኔ እንደሚሻገር ከዚያ ጽሑፍ ቀስሟል። ስለዚህ ፍርድ አምጣ ሲሉት ፍርድ የሚመስል ነገር ይጽፋል እንጂ ከመዝገብ ቤት ፋይል አያወጣም። ፕሮግራሙን የተጠቀመው ጠበቃ ተጠራጥሮ ከፍርዶቹ አንዱ እውነተኛ መሆኑን መልሶ ቢጠይቀው፣ አዎን አለው። ያም መልስ እንደ ፊተኛው ግምት ነበር።

ክሱን ያዩት ዳኛ ኬቪን ካስቴል በዚያው ዓመት ጁን 22 በሁለቱ ጠበቆችና በድርጅታቸው ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ስማቸው በሐሰተኛ ፍርዶቹ ላይ ለሰፈረው ዳኞችም ደብዳቤ እንዲጽፉ አዘዙ። በቴክኖሎጂ መታገዝ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለችሎት የሚቀርበውን የማጣራት ግዴታ ግን የጠበቃው ነው አሉ። ጠበቆቹን ይበልጥ የጎዳቸው ፍርዶቹ የሉም ከተባሉ በኋላም ሙጥኝ ማለታቸው ነው። ፕሮግራሙን ማንም አልቀጣም፤ በሕግ ፊት ሰው አይደለምና። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 2023 በፓተንት ማመልከቻ ላይ ማሽን እንደ ፈጠራ ባለቤት ሊመዘገብ አይችልም ብሏል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመውበት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አንድ የሰበር መዝገብ ቁጥር ክርክር ያዞራል፤ በዚያ ክርክር የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ደሞዝ አለ። በኢንተርኔት ያለው የአማርኛ የሕግ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ በመሆኑ የማሽኑ ግምት ይበልጥ ሊስት ይችላል። ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች ሆይ፣ ማሽኑ የሰበር ቁጥር ሲሰጣችሁ የሰበር ውሳኔዎች የታተሙበትን ቅጽ ግለጡና ውሳኔውን በዓይናችሁ አንብቡ።