የመኪናን የፊት ፍሬን ሸራ በቤት ስለ መለወጥ

ንግድ ከመንገድ፣ መንገድም ከመኪና ተለይቶ ሊታሰብ እንደማይችል ለክቡራን አንባብያን የተሰወረ አይደለም። ቡሌ ሆራ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ ከ460 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከዲላና ከይርጋ ጨፌ ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ እንደ መሆኗ መጠን፣ ቡናውም፣ ከብቱም፣ ሸቀጡም፣ ተሳፋሪውም በዚሁ መንገድ ይመላለሳል። የጭነት መኪና ሹፌርና ረዳት ስላለው ጉድለቱን ቶሎ የሚያይለት አያጣም። የቤተሰብ መኪና ግን ከባለቤቱ በቀር ጠባቂ የለውም። ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ካልሆነ በቀር ፍሬኑን አያስታውሰውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና ጠግኖ ማቆየት ለባለ መኪናውም ለመለዋወጫ ነጋዴውም ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ሸራ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚገዛና በጥንቃቄ በቤት እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

በዲስክ የሚሠራ ፍሬን አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበ ሲሆን፣ በ1955 ለሕዝብ የቀረበው ሲትሮይን ዲኤስ የተባለው የፈረንሳይ አውቶሞቢል የፊት እግሮቹ በዲስክ የሚያዙ ነበሩ። በቀድሞ ዘመን የፍሬን መያዣው ከጥጥና ከአስቤስቶስ ክር እየተሸመነ ይሠራ ነበር፤ በእኛም አገር እስከ ዛሬ «ሸራ» መባሉ ከዚህ አሠራር ጋር የሚስማማ ነው።

የፍሬን ሥራ የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት 18 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ ከዚህ ሸክም የሚበልጠውን ድርሻ የሚሸከሙት የፊተኞቹ ሸራዎች ናቸው። ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት መያዝ የሚመከረውም ስለዚሁ ነው።

ሸራው ማለቁን የሚያስታውቁ ምልክቶች አሉ። ፍሬን ሲያዝ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙውን ጊዜ በሸራው ላይ ለማስጠንቀቂያ የተተከለችው ትንሽ ብረት ዲስኩን መንካት ጀምራለች ማለት ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ከመጣ ግን ጊዜው አልፏል፤ ዲስኩም እየተጎዳ ነው። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጥ ተገቢ ነው። ምንጊዜም የግራውና የቀኙ በአንድነት ይለወጣሉ። አንዱ ብቻ ቢለወጥ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል።

ሸራ ሲገዛ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የሻንሲውን ቁጥር ይዞ መሄድ ይገባል፤ ቢቻል አሮጌውን ሸራ ማሳየት የተሻለ ነው። የማሸጊያው ጽሕፈት የደበዘዘ፣ የሸራው ጠርዝ የተሰነጠቀ፣ ወይም ከብረቱ ጀርባ ጋር በሚገባ ያልተጣበቀ ዕቃ ዋጋው ቢረክስም አይገዛ። ደረሰኝ መቀበልም አይዘንጋ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ይህን መብት ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በግንድ ይታገዱ። የጎማው ዳዶዎች መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ላላ ይደረጉ። ከዚያ በኋላ በክሪክ ይነሣ፤ ነገር ግን በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው እጁንም ሆነ ራሱን ማስገባት የለበትም። ጠንካራ የብረት መቆሚያ በሥሩ መደረግ አለበት። ድንጋይና ጡብ በዚህ ስፍራ ሊታመኑ አይገባም።

ጎማው ከወለቀ በኋላ ሸራዎቹን ጨብጦ የያዘው ካሊፐር ይታያል። በአብዛኞቹ አነስተኛ መኪናዎች የታችኛው ቡሎን ሲፈታ ካሊፐሩ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሸራዎቹም በቀላሉ ይወጣሉ። ካሊፐሩ ጨርሶ ቢወልቅ በሽቦ ይታሰር እንጂ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ አይተው። ሁለቱን ወገን በአንድ ጊዜ አለመፍታት ብልህነት ነው፤ ያልተፈታው ወገን ለአገጣጠሙ ምሳሌ ሆኖ ያገለግላልና። የሸራውን ብናኝ በአፍ ወይም በአየር መንፋት ፈጽሞ አይገባም። በአሮጌ ሸራ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይወገድ።

ከዚህ ቀጥሎ ዲስኩ ይመርመር። የተሰነጠቀ፣ በጥልቅ የተቦረቦረ፣ ወይም በራሱ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች የሳሳ ዲስክ መለወጥ አለበት። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለ ሆነ፣ እንዲገባ የካሊፐሩ ፒስተን በዝግታ ወደ ውስጥ ይገፋል። በዚህ ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ ሞልቶ እንዳይፈስ ይታይ፤ ቀለም የሚልጥ ፈሳሽ ነውና። አዲሶቹ ሸራዎች በአሮጌዎቹ ስፍራና አኳኋን ይግቡ። ዲስኩን በሚነካው ፊታቸው ላይ ዘይትም ሆነ ግራሶ እንዳይነካቸው ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡሎኑ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሚያዘው ጉልበት ይጥበቅ፤ የጎማው ዳዶዎችም ፊት ለፊት እየተያዩ ተራ በተራ ይጥበቁ።

አሁን የሚነገረው ከሁሉ የበለጠ ነው። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለ ተገፋ የመጀመሪያው የፔዳል ርግጫ ባዶ ይሆናል፤ መኪናውም ቢንቀሳቀስ አይቆምም። ስለዚህ ከስፍራው ከመነሣቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ፤ ከዚያም የዘይቱ ልክ በማጠራቀሚያው ላይ በተሰመሩት በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑ ይረጋገጥ። ቀጥሎም ሰው በማይበዛበት መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 እያለዘቡ፣ በመካከሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጡ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ፍሬን መያዝ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያላምደዋል።

ባለ መኪናው በራሱ ሊሞክረው የማይገባም አለ። ፔዳሉ እየሰመጠ የሚሄድ፣ ዘይት የሚያፈስ፣ ፒስተኑ ተጣብቆ አልገፋ ያለ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራቱ አልጠፋ ያለ እንደ ሆነ፣ መኪናውን ወደ ታወቀ መካኒክ መውሰድ ግድ ነው። የፍሬን ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ያህል ቢለወጥ መልካም ነው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ሳይፈላ ይታገሣል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ልክ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሸራ ብቻውን አያድንም።

በመጨረሻም ለመለዋወጫ ነጋዴዎቻችን የምናሳስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ መርጦ ለመግዛት የማይችለው የደቡብ ቆላ ከተሞች ገዢ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን አምኖ ይወስዳል። ሌላ ዕቃ ቢበላሽ ኪሳራው ገንዘብ ነው፤ የማይይዝ ፍሬን ግን የሚያስከፍለው በቤተሰብ ሕይወት ነው። እውነተኛውን ዕቃ በተገቢው ዋጋ የሚሸጥ፣ ደረሰኝ የሚሰጥና «ይህ ለመኪናህ አይሆንም» ለማለት የሚደፍር ነጋዴ ለአንድ ቀን ገበያው ቢቀርበትም፣ ደንበኛው ግን ለዘለቄታው የእርሱ ነው።