የተሰረቀ ገንዘብ ስለ መተው

ልጆች ሆይ፥ ስለ ሌቦች በሚናገር ሲኒማ አንድ ሰው በከረጢት የሞላውን የተሰረቀ ገንዘብ ትቶ ባዶ እጁን ሲሄድ ይታያል። ሞኝ ነውን? አይደለም። የጨንቻ ልጅ ምክንያቱን ከአያቶቹ ይማራል።

በጋሞ ደጋ ወግን መተላለፍ ጎሜ ይባላል። የሰረቀውን ሰው ማንም ባያየው እንኳ፥ እንደ አባቶች እምነት ጎሜው በቤቱ፥ በልጆቹና በከብቶቹ ላይ መከራ ያመጣል። ስለዚህ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ በሽማግሌዎች ፊት በደሉን ይናዘዛል፤ የወሰደውን ይመልሳል፤ ከበደለውም ሰው ጋራ ይታረቃል።

የዶርዜ ሸማኔ በቀን የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ውሻ ሲጮኽ አይደነግጥም። የሲኒማውም ሰው ገንዘቡን የተወው ይህን እንቅልፍ ፈልጎ ነው።

እንግዲህ የሰው ገንዘብ በእጃችሁ ቢገኝ፥ ሳይመሽ መልሱ።