የቤት ሌዘር መቁረጫ «አልተገናኘም» ሲል፦ ተረቱና እውነታው

በቤትና በትናንሽ ወርክሾፖች እንጨት፣ ቆዳና አክሪሊክ የሚቆርጡት የሌዘር ማሽኖች በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ካለ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ጨረር የሚያመነጨውና በገበያ ኬ40 በሚል ስም የሚታወቀው ቻይና ሠራሽ ማሽን ሲሆን፣ ሁለተኛው ጨረሩን ዳዮድ ከተባለ ትንሽ የሴሚኮንዳክተር ክፍል የሚያወጣው ቀለል ያለ ማሽን ነው። ሁለቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ባብዛኛው በዩኤስቢ ኬብል ከኮምፒውተር በመሆኑ፣ ለተላከው ትእዛዝ መልስ ሲጠፋ በስክሪኑ ላይ «ማሽኑ አልተገናኘም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ብዙው ባለቤትም ይህን ሲያይ ሞተሮቹንና ጨረሩን የሚያዘው ቦርድ ተቃጥሏል ብሎ ይደመድማል። ትእዛዙን የሚልከው ሶፍትዌር የሚያውቀው ግን ጠይቆ መልስ ማጣቱን ብቻ ነው፤ መልሱ የጠፋው በኬብሉ፣ በድራይቨሩ ወይም በቦርዱ ምክንያት መሆኑን የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ፍተሻው ርካሽና ቀላል ከሆነው መጀመር ሲገባው፣ የተለመደው ውዱን ዕቃ ቀድሞ መጠርጠር ነው።

«መብራቱ ከበራ ኬብሉ ደህና ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም የተስፋፋ ነው። ተራ የዩኤስቢ ኬብል በውስጡ አራት ሽቦዎች ያሉት ሲሆን፣ ሁለቱ 5 ቮልት ኃይል፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያስተላልፋሉ። ከስልክ ቻርጀር ጋር ከሚመጡት ኬብሎች አንዳንዶቹ የመረጃ ሽቦዎቹ የሌሏቸው በመሆናቸው የቦርዱን መብራት እያበሩ አንዲት ቃል እንኳ አያሳልፉም። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ገመዱ ለሚገጥመው ስልክ ተሰክቶ በውስጡ ያሉት ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ከታዩ የመረጃ ሽቦዎቹ አሉ፣ ስልኩ ቻርጅ ከማድረግ ካላለፈ ግን ኬብሉ ተጠርጣሪ ነው። የዚህ እምነት ተቃራኒም አለ፤ የብዙ ዳዮድ ማሽኖች ቦርድ በዚያው በ5 ቮልቱ ብቻ ስለሚነሣ፣ ዋናው የ12 ወይም የ24 ቮልት ኃይል ሳይሰካ፣ ቁልፉ ሳይዞር ወይም የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ተጭኖ ሳለ ሶፍትዌሩ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ግን የድራይቨር ጉዳይ ነው። ድራይቨር ኮምፒውተሩ ከተሰካለት ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ «ድራይቨር ያው ድራይቨር ነው፣ ካልሠራ እንደገና መጫን ነው» የሚለው ልማድ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለውን ሥር የሰደደ ልዩነት ይዘላል። ዳዮድ ማሽኖቹ በአብዛኛው የሚሠሩት በ2009 ሲሜን ስቫሌ ስኮግስሩድ ለአርዱይኖ ቦርድ በጀመረውና ግርብል በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወይም ከእርሱ በተወለዱ ፕሮግራሞች ነው። በብዙዎቹ ላይ ሲኤች340 የተባለ ቺፕ የዩኤስቢውን ቋንቋ ወደ ሲሪያል፣ ማለትም ቢቶች አንድ በአንድ ተከታትለው ወደሚያልፉበት ቋንቋ ስለሚመልስላቸው፣ ዊንዶውስ ላይ «ኮም» የሚል ስምና ቁጥር ይዘው ይታያሉ፤ የተለመደው ፍጥነታቸውም በሰከንድ 115,200 ቢት ነው። ኤምቱ ናኖ በተባለው ቦርድ የሚሠራው ኬ40 ግን የዚያኑ ቺፕ ወንድም፣ ሲኤች341ን፣ ቢቶች ጎን ለጎን በሚያልፉበት ስልት ስለሚጠቀምበት የኮም ቁጥር ኖሮት አያውቅም። ሰዓታት ሙሉ የተሰኩ ዕቃዎች በሚዘረዘሩበት በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኬ40ውን ኮም የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው የሌለ ነገር ነው።

ይህ ብቻም አይደለም። ኬ40 ዊስፐረር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሊብ ዩኤስቢ የተባለውን ድራይቨር የሚፈልግ ሲሆን፣ እርሱም ዛዲግ በተባለ መሣሪያ ይጫናል፤ ፋብሪካው የሚሰጠው ፕሮግራም ደግሞ የራሱን ድራይቨር ስለሚፈልግ አንዱ ሲተከል ሌላው ሥራ ያቆማል፣ ባለቤቱም ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። በዛዲግ ዝርዝር ውስጥ በስህተት ማውሱን ወይም ኪቦርዱን መርጦ ድራይቨሩን የለወጠ ሰው የሚገጥመው ችግር ከሌዘሩ የባሰ ነው። ላይትበርን የተባለው ዝነኛ ፕሮግራም ከኤምቱ ናኖ ጋር ጨርሶ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ኬብል መቀያየር ከንቱ ድካም ነው። በሊኑክስ በኩል ደግሞ በኡቡንቱ 22.04 ላይ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የተዘጋጀው ፕሮግራም የሲኤች340ን መታወቂያ እንደ ብሬይል መሣሪያ ቆጥሮ ስለሚይዘው፣ ማሽኑ እንደተሰካ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ ሁለት በጎ ሥራዎች እንዲህ ሳይታሰብ ተጋጭተዋል።

«ትናንት ሲሠራ የነበረ ዛሬ ካልሠራ አንድ ነገር ተሰብሯል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። በዊንዶውስ አንድ ኮም ፖርት በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ፕሮግራምን ብቻ በመሆኑ፣ ከጀርባ ተከፍቶ የተረሳ ሌላ የሌዘር ፕሮግራም መኖሩ ብቻውን ግንኙነቱን ይዘጋል። «አላርም» ወይም «ተቆልፏል» የሚለውን መልእክት የግንኙነት ብልሽት አድርጎ መቁጠርም እንዲሁ ነው፤ መነሻ ነጥቡን እንዲፈልግ የተሰናዳ ግርብል ሲበራ ሆን ብሎ ተቆልፎ ይነሣል፣ መልእክቱ ስክሪን ላይ መድረሱም ግንኙነቱ ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ሥራ መሀል ላይ የሚቋረጥ ግንኙነት ከሁሉ የተለየ ትኩረት ይሻል። ብዙዎች ኮምፒውተሩ ስላረጀ ነው ይላሉ፤ ይሁን እንጂ የኬ40 ቱቦ የሚነሣው ከ10,000 ቮልት በላይ በሆነ ኃይል በመሆኑና ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕም ሲበራና ሲጠፋ ብልጭታ ስለሚፈጥር፣ በአካባቢው የሚነሣው የኤሌክትሮማግኔቲክ ረብሻ በዩኤስቢው ሽቦ ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሩ ማሽኑን «ተነቅሏል» ብሎ እንዲጥለው ሊያደርግ ይችላል። ይህን ለመለየት ያንኑ ፋይል ጨረሩ ተዘግቶ ማስኬድ ይበቃል፤ ጨረሩ ሳይኖር እስከ መጨረሻው ከሄደና ጨረሩ ሲበራ ከተቋረጠ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። መድኃኒቱም አጭርና ሽፋን ያለው ኬብል፣ ከኃይል ሽቦዎች የራቀ አቀማመጥ፣ ከሁሉ በላይ ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ነው። የመሬት መስመር በሌለው ማከፋፈያ ላይ ኬ40ን መሰካት ግንኙነት ከማቋረጥ አልፎ የማሽኑን ብረት ሊያስነዝር ስለሚችል፣ «ያለ ኧርዝም ይሠራል» የሚለው አባባል ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ነው።

መቋረጡ የሚያስከትለውም ጊዜ ማባከንን ብቻ አይደለም። ግርብል የተቀበላቸውን ጥቂት ትእዛዞች ጨርሶ ሲቆም፣ ፋይሉ ኤም4 በተባለው ስልት ከተዘጋጀና የሌዘር ሁነታው ከተከፈተ ጨረሩ ከእንቅስቃሴው ጋር ይጠፋል፤ በኤም3 ከሆነ ግን ማሽኑ በቆመበት ነጥብ ላይ ማቃጠሉን ሊቀጥል ይችላል። ግንኙነቱ ያልተረጋጋ ማሽን ያለ ጠባቂ የማይተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦርዱ በእርግጥ ሞቷል የሚባለው በተፈተነ ኬብል፣ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ተሰክቶ በዲቫይስ ማኔጀር ዝርዝር ውስጥ ምንም ለውጥ ሳያሳይ ሲቀር ነው። ያኔ አዲስ ቦርድ መግዛት ተገቢ ቢሆንም፣ ግርብል ላይ የዶላር ምልክት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሲላክ የሚወጣው የቅንብር ዝርዝር ማሽኑ ገና በሚናገርበት ጊዜ ተቀድቶ ካልተቀመጠ፣ አዲሱ ቦርድ የማሽኑን ልክ አያውቅም፤ ማሽኑ ለአንድ ሚሊሜትር 80 እርምጃ የሚፈልግ ሆኖ ቦርዱ በ250 ከተነሣ፣ 50 ሚሊሜትር እንዲሆን የታዘዘው ካሬ 156 ሚሊሜትር ግድም ሆኖ ይወጣል።