ኮረኮንች መንገድ ጉልበታችንን ወዴት ይወስደዋል?

ከሲኤምሲ በብስክሌት ተነሥተን፣ አያትንና ለገጣፎን አልፈን፣ ከአስፋልቱ ወደ ኮረኮንቹ ስንገባ ድካማችን ወዲያው ይበረታል። ስለ ምን?

ብስክሌቱና ነጂው በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። በየሜትሩ አንድ ጠጠር 1 ሴንቲ ሜትር ቢያነሣቸው 8 ጁል ያህል ጉልበት ይወጣል። ይህ ሁሉ በመንቀጥቀጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ከባከነ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ የምናጣው ጉልበት 200 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት ለመውጣት የሚበቃ ነው።

ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው ከፍታችን አየሩ ስስ በመሆኑ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የምንተነፍሰው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል።

መፍትሔው ጎማው ላይ ነው። እጅግ የተነፋ ጎማ በየጠጠሩ ይዘላል፤ ጥቂት የተነፈሰ ግን ጠጠሩን በውስጡ ያሰምጠዋል፤ ሰውነታችንም አይነሣም። ከልክ በላይ ካስተነፈስነው ደግሞ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፤ ካላማዳሪውም ይቀደዳል። እንግዲህ ለረጅም መንገድ ስንነሣ አስቀድመን ጎማችንን እንመርምር።