ዝቅ ያለ ሁሉ መሬት አይይዝም

«ዝቅ አድርጋት፣ መሬት ትይዝልሃለች።» መኪና በሚወዱ ወጣቶች መካከል ይህን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። መኪና ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ክብደቷ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው ይሸጋገራል፤ የክብደት ማዕከሏ ከመሬት በራቀ ቁጥር የሚሸጋገረውም ይበዛል። ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። 1,000 ኪሎ የምትመዝን፣ የክብደት ማዕከሏ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቿ በ145 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ መኪና እንውሰድ። የክብደቷን ግማሽ በሚያህል የጎን ኃይል ስትታጠፍ 172 ኪሎ ገደማ ወደ ውጭ ይሄዳል። 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብትደረግ 162 ይሆናል። ያን ሁሉ ወጪና ድካም ያተረፈው 10 ኪሎ ነው! የጎማውን ንፋስ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያይቶ የማያውቅ ሰው ለዚህ 10 ኪሎ ሲጨነቅ ማየት ይገርመኛል።

ኪሳራው ደግሞ ከሥር ተደብቋል። ቪትዝንና ኮሮላን ጨምሮ ብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ከፊት የተሠሩት ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር ነው፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 በኮንሱልና በዜፈር ሞዴሎቹ ይዞት ከወጣ ወዲህ በርካሽነቱና ቦታ በመቆጠቡ ዓለምን ያዳረሰ ነው። እዚህ አሠራር ላይ ጎማውን ከታች የሚይዘው አንድ ክንድ ብቻ ነው። መኪናዋ በፋብሪካ ቁመቷ ስትቆም ክንዱ ከሻንሲው ወደ ጎማው ሲሄድ በጥቂቱ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ስትወርድ ግን ጎማው ባለበት ይቀርና የክንዱ የውስጥ ጫፍ ብቻ ከሻንሲው ጋር ይወርዳል፤ ብዙ ከወረደች ክንዱ ጭራሽ ወደ ላይ ያቀናል። በዚህ ጊዜ አካሏ የሚጋደልበት ነጥብ ከክብደት ማዕከሏ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር የሚያጋድላት ጉልበት ይበረታል። ስለዚህ ሞላው በዚያው ልክ ካልጠነከረ፣ ዝቅ ያለችው መኪና ካልወረደችው ይልቅ አብዝታ ልትጋደል ትችላለች። ስትጋደልም የውጨኛው ጎማ በሙሉ ገጹ መርገጡን ትቶ በጠርዙ ይቆማል።

«ታዲያ ሞላውን አንድ ዙር ማስቆረጥ ነው፣ ዝቅም ይላል ይጠነክራልም» የሚሉ አሉ። መጠንከሩ እውነት ነው፤ ከስድስት የሚሠሩ ዙሮች አንዱ ሲነሳ ሞላው 20 በመቶ ይጠነክራል። ግን ሞላው ተጨምቆ ጫፍ ከመድረሱ በፊት የቀረው 8 ሳንቲ ሜትር ከነበረና 5ቱ ለቁመት ከተሰጠ፣ ለጉድጓድ የተረፈው 3 ብቻ ነው፤ በ20 በመቶ ጥንካሬ ይህ አይካካስም። መኪናዋ ኩርባ ላይ እያለች ያ 3 ሳንቲ ሜትር አልቆ ከማቆሚያው ላስቲክ ጋር ስትላተም ሞላው እንደ ደረቅ እንጨት ይሆናል፣ ጎማውም መሬቱን ይለቃል። በግራይንደር የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ መቀመጫው ላይ በወጉ አይገጥምም፤ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ሞላው ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። በእሳት ከተቆረጠማ ብረቱ ራሱ ጥንካሬውን ያጣል።

ጠንካራ ሞላ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። ከላይ ያሰላነውን ክብደት ተመልከቱት፤ ስሌቱ ውስጥ ሞላ የሚባል ነገር የለም። ጥንካሬ የሚሸጋገረውን ጠቅላላ ክብደት አይቀንስም፤ የሚቀይረው ከፊትና ከኋላ ጎማዎች የትኛው ይበልጥ እንደሚሸከም ነው። ፊቷን ብቻ ካጠነከርክ አፍንጫዋ አልታጠፍ ይላል፣ ኋላዋን ካበዛህበት ኋላዋ ያመልጣል። መጋደልን የሚከላከለው ባራ ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ጥንካሬው በ46 በመቶ ስለሚጨምር፣ «ትንሽ ወፍራም ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ሎተስ ኤላን እስከ ዛሬ በመሪ አያያዙ ይወደሳል፤ ሞላው ግን ለስላሳ ነበር። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ለስላሳው ጎማውን ከድንጋዩ ጋር ያቆየዋል፣ ደረቁ ያዘልለዋል።

ኋላዋ የተቀመጠ መኪና ሾክ አብዞርበር ሲቀየርላትም አያለሁ። ሾክ መኪና አይሸከምም። የሞላውን መዋዠቅ ብቻ ያረግባል፤ ቁመት ከጠፋ የደከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው።

ተቃራኒው ወገን ደግሞ «ከፍ ማድረግ ለአያያዝ ምንም አያመጣም» ይላል፤ ፒክ አፑን አስነስቶ ትልቅ ጎማ የሚያስገጥመው። እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን ውስጥ አንድ የመኪና መጽሔት ከድንገተኛ መሰናክል የመሸሽ ሙከራ ሲያደርግ፣ ገና ገበያ የወጣው ቁመተ ረጅሙ መርሴዲስ ኤ ክላስ ተገለበጠ። ፋብሪካው የተሸጡትን መልሶ ጠርቶ ሰስፔንሽናቸውን አስተካከለ፣ መንሸራተትን የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክ ሥርዓትም ገጠመላቸው። መሐንዲሶች ሠርተው የፈተኑት መኪና ይህ ከደረሰበት፣ ጋራዥ ውስጥ በብረት ቁራጭ የተነሳው ፒክ አፕ ጭነት ይዞ ሲሸሽ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም።

ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ቁመቷን የነካ ሰው በዚያው ቀን የጎማ አቅጣጫ ያስለካ፣ የፊት መብራቱንም ያስተካክል። አያያዟ የከፋበት ግን ቁመት ከመንካቱ በፊት ያረጁ ጎሚኒዎቹንና የላሉ ቴስቲናዎቹን ያስፈትሽ፤ አዲስ መኪና የገዛ ይመስለው ይሆናል።