ሚካኤል፦ ቦታው የሚጠራበት፣ ሰው የሚሸሽገው ስም

ከወረታ አጠገብ፣ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከሚያበቅሉት ቀበሌዎች አንዱ ቁሐር ሚካኤል ነው። በጎንደር አገር እንደተለመደው ታቦቱ የቦታው መጠሪያ ሆኗል። ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ በአደባባይ አይጠራበትም። በላይ ወይም ደሴ እየተባለ ያደገ ገበሬ ወልደ ሚካኤል መሆኑን የሚያውቁት ወላጆቹ፣ የክርስትና አባቱና የነፍስ አባቱ ናቸው።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ቄሱ የሚያወጣው ስም ከቤት ስም ይለያል። ብዙ ጊዜ የዕለቱን በዓል ይከተላል፤ በወሩ 12ኛ ቀን የተጠመቀ ሚካኤልን ቢያገኝ አይገርምም። ስሙ የሚወጣው ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ነው። መተተኛ እንዳይሰማው ብለው የሚደብቁትም አሉ።

ሚካኤል የሚለው ስም ምንጩ ዕብራይስጥ ነው፤ «እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው?» ማለት። በመጽሐፍ ቅዱስ ቅደም ተከተል ከመልአኩ በፊት የሰው ስም ሆኖ ይመጣል፦ በዘኍልቍ 13 ከነዓንን ሊሰልሉ ከተላኩት የአንዱ አባት ሚካኤል ይባላል። መልአኩ በስሙ የተጠራው በዳንኤል መጽሐፍ ነው።

በእኛ ዘንድ ለመልአኩ ክብር ሲባል ብቻውን አይሰጥም ነበር፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ለሴት ደግሞ ወለተ ወይም አመተ ይቀድመዋል። ገብረ ሚካኤልን ገብሬ ብለን ስናቆላምጠው መልአኩ ይቀራል፤ ገብሬ ደግሞ የገብርኤልም የጊዮርጊስም ሊሆን ይችላል።

ባለሥልጣናቱ ግን ያለ ምንም ቅጥያ ይዘውታል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከትግራይ መጥቶ ጎንደርን የገዛው ራስ ሚካኤል ስሑል አንዱ ነው። ሌላው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ነው፤ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ መሐመድ አሊ ይባል ነበር፤ ያነሡትም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። የልጅ ኢያሱ አባት እርሱ ነው።

በአሜሪካ ከ1954 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ከአንድ ዓመት በቀር ለወንዶች ልጆች ከሚወጡ ስሞች ሚካኤልን (ማይክልን) የሚቀድመው አልነበረም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቆጠራ አይሠራም፤ የክርስትና ስም መታወቂያ ላይ አይሰፍርምና። ብዛቱን ከመዝገብ ይልቅ በወር በወሩ ከሚጠጣው የሚካኤል ጽዋ፣ እንዲሁም ከሁለቱ ታላላቅ በዓላት መገመት ይቀላል፦ ክረምቱ ሲገባ ሰኔ 12፣ ፎገራ ሩዙን በሚያጭድበት ወቅት ኅዳር 12።

ምስጢሩን መጠበቅ ደግ ነው፤ ግን የሚያውቁት ሲያልፉ ስሙም አብሮ ይቀበራል። የክርስትና ስማችሁን የማታውቁ ካላችሁ፣ እናታችሁን ወይም የክርስትና እናት አባታችሁን በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።